ከሲቪዬ ላይ ያጠፋሁት ሥራ ፎርም ላይ ተጠየቀ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ሙያዬ ግዥ ነው። በመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ አምስት ዓመት ሠርቼ፣ ከሁሉም ጋር ተስማምቼና ተመስግኜ ነው የወጣሁት። ከዚያ የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ ወደ ሌላ ድርጅት ተዛወርኩ። እዚያ የቆየሁት ስምንት ወር ብቻ ነው። ተባረርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ትልቅ ግዥ በጊዜው ሳይገባ ቀረ። የዘገየው አለቃዬ ሰነዱን ሳይፈርም ሁለት ሳምንት ስላቆየው ነው። በስብሰባ ላይ ግን ሁሉም ባሉበት ጥፋቱን እኔ ላይ ጫነው። "አንቺ ሥራ አትችዪም" አለኝ። ዝም ብዬ ወጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ በሥራ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ረጅም ጽሑፍ ለቀቅኩ። ስለ ፊርማው ብቻ ብጽፍ ጥሩ ነበር። ስለ ሰውየው ጠባይና ስለ ብቃቱም ጻፍኩ። አሁን ሳነበው ራሴ አፍራለሁ። በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ።

ለወላጆቼ "በራሴ ለቀቅኩ" አልኳቸው። እውነቱን የሚያውቁት ታላቅ እህቴና አንዲት ጓደኛዬ ናቸው። ሥራ ፍለጋ ላይ ብዙ ወራት ቆየሁ። መጀመሪያ አካባቢ መባረሬን ስናገር መልሶ የሚደውልልኝ ጠፋ። ጓደኛዬ "ያንን ሥራ ከሲቪሽ ላይ አውጪው፤ የመጀመሪያው ላይ ስምንት ወር ጨምሪበት" አለችኝ። አደረግኩት። አሁን አንድ ጥሩ ድርጅት ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ አድርጎልኝ አልፌያለሁ። ባለፈው ሐሙስ ፎርም ላኩልኝ። የሠራሁባቸውን ቦታዎች በሙሉ ከነቀናቸው እንድጽፍ ይጠይቃል። "ከሥራ ተሰናብተው ያውቃሉ?" ይላል። የመጨረሻውን የቅርብ አለቃ ስምና ስልክ ይፈልጋል። መጨረሻው ላይ ፊርማ አለ። ማክሰኞ መላክ አለብኝ።

ጓደኛዬ "ማን ያጣራል፣ ሞልተሽ ላኪ" ትላለች። እህቴ "ተናገሪና የመጣው ይምጣ" ትለኛለች። ከተናገርኩ ሥራው ያመልጠኛል። ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እባክዎ ምን ላድርግ?

ጭንቅ ላይ ያለሁ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ማክሰኞ ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ ሐሳቤን ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ከዚያ ቀስ ብለን እናየዋለን። ፎርሙን በተጨመረው ቀን ሞልተሽ አትፈርሚ። ከመላክሽ በፊት ለሰው ኃይል ክፍሉ ደውዪና ሲቪሽ ላይ ያለውን ቀን አርሚ። መባረርሽንም በዚያው ስልክ በአጭሩ ተናገሪ።

ይህን ስታነቢ ሆድሽ ባር ባር እንደሚል ይገባኛል። ከስንት ወር ጥበቃ በኋላ ሁለት ቃለ መጠይቅ አልፈሽ፣ እጅሽ ሊገባ ጥቂት የቀረውን ሥራ በራስሽ አፍ አደጋ ላይ ጣዪው ማለት ከባድ ነው። ሥራው ላያመልጥሽ ይችላል። ሊያመልጥሽም ይችላል። ይህን ደብቄ ብመክርሽ ታማኝ አልሆንልሽም።

ግን ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። አንቺ የምትፈሪው መባረርሽ እንዳይታወቅ ነው። እኔን ይበልጥ ያሰጋኝ ደግሞ ያ የተጨመረው ስምንት ወር ነው። ሰው ይባረራል። ብዙ ጎበዝ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ተጋጭቶ ከሥራ ወጥቷል፤ ቀጣሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ስለ መባረር ማስረዳት ይቻላል። የተቀየረን ቀን ግን በምን ታስረጂዋለሽ? "ተሳስቼ ነው" ብትዪ ስምንት ወር በስህተት አይጨመርም።

ሲቪና ፎርም አንድ አይደሉም። ሲቪ አንቺ የምትመርጪው ነው። አጭር ሥራን፣ ከሙያሽ ጋር የማይገናኝን ሥራ ሳትጽፊ ብታልፊ ብዙ ጊዜ ማንም ውሸታም አይልሽም። ከሲቪሽ ላይ ያንን ድርጅት ማውጣትሽ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምክሬ ቀለል ይል ነበር። ፎርም ግን ጥያቄ ነው፤ መልሱም በፊርማሽ ይታሰራል። አብዛኞቹ ፎርሞች ግርጌ ላይ የተሞላው እውነት መሆኑን፣ ሐሰት ከተገኘ ቅጥሩ ሊሰረዝ እንደሚችል የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አላቸው። ያንቺንም እስኪ እዪው። "ሊሰረዝ ይችላል" ሲል መቼ እንደሆነ አይገልጽም። ከወር በኋላ፣ ከዓመታት በኋላም ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ በታወቀው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቅበላ ዲን የነበረችው ማሪሊ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ስትቀጠር ያልነበራትን ዲግሪ አለኝ ብላ ነበር። በሥራዋ ተወዳጅ ሆነች፤ ደረጃ በደረጃም አደገች። እ.ኤ.አ. በ2007 ነገሩ ሲታወቅ ከ28 ዓመት አገልግሎት በኋላ ሥራዋን ለቀቀች። ይህን ያነሳሁት ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ያንቺ ስምንት ወር ከሌለ ዲግሪ ጋር እኩል ነው ማለቴም አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት እውነቱ ከአንድ ቦታ እንዳይወጣ እየሰጉ መኖር ምን ያህል እንደሚያደክም አስቢው። አንቺ ገና ሳትፈርሚ እንቅልፍ አጥተሻል።

ጓደኛሽ "ማን ያጣራል" ስትል ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ብዙ ድርጅት በቸልታ ያልፈዋል። ያንቺን ጉዳይ ግን የሚያወጡት ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የተሰጠሽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። እሱ ላይ የገባሽበትና የወጣሽበት ቀን ተጽፏል። አሁኑኑ አውጪውና ከሲቪሽ ጎን አስቀምጪው። ስትቀጠሪ ዋናውን አምጪ ማለታቸው አይቀርም። ሁለተኛው የግብር እና የጡረታ መዝገብ ነው፤ ማን መቼ ከፈለልሽ የሚለው እዚያ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ራሱ ሙያሽ ነው። ግዥ ላይ ያሉ ሰዎች ይተዋወቃሉ። አቅራቢዎች ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ይዞራሉ። አንድ ቀን አንዱ ፕሮፎርማ ይዞ ቢሮሽ ይገባና አለቃሽ ባሉበት "እንዴ! አንቺ እዚያ ድርጅት አልነበርሽም እንዴ?" ይልሻል። በክፋት አይደለም፤ ደስ ብሎት ነው።

በዚያ ላይ ግዥ እምነት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ዋጋ ታወዳድሪያለሽ፣ በሌላ ሰው ገንዘብ ላይ ትፈርሚያለሽ። በዚህ ቦታ ላይ የሚቀጥርሽ ሰው ከችሎታሽ እኩል የሚያየው "የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው ወይ?" የሚለውን ነው። ስለዚህ ቀኑን ሳትጠየቂ አንቺው ስታርሚ የሚጎዳሽ ነገር እንዳለ ሁሉ፣ የሚጠቅምሽም ነገር አለ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጀመሪያ አካባቢ መባረርሽን ስትናገሪ አልደወሉልኝም ብለሻል። እስኪ አስታውሺ፣ ያኔ እንዴት ነበር የተናገርሽው? ቁስሉ ትኩስ ነበር። ስለ ስብሰባው፣ ስለ ፊርማው፣ ስለ ሰውየው በዝርዝር ነግረሻቸው ይሆን? ድምፅሽስ ተቀይሮ ነበር? ይህ ቢሆን አይፈረድብሽም። ግን ሰሚው አንቺንም ሰውየውንም አያውቅም፤ የሚሰማው ንዴቱን ብቻ ነው። አሁን ያለሽበት ሁኔታ ከዚያ ይለያል። እነዚህ ሰዎች ሁለት ጊዜ አይተውሻል። ጠይቀውሻል፣ መልስሽን ወደውታል። ስለዚህ ዛሬ የምትናገሪው አንቺን ለሚያውቅ ሰው ነው።

ስልኩ ላይ ምን እንደምትዪ እንዲህ ሞክሪው፤ በራስሽ አነጋገር ቀይሪው፦

"ጤና ይስጥልኝ። ለግዥ ባለሙያነት ያመለከትኩት ነኝ። የላካችሁልኝን ፎርም ከመሙላቴ በፊት ማስተካከል ያለብኝ ነገር አለ። ሲቪዬ ላይ የመጀመሪያውን መሥሪያ ቤት የለቀቅኩበት ቀን ትክክል አይደለም። ከዚያ በኋላ ሌላ ድርጅት ስምንት ወር ሠርቼ ተሰናብቻለሁ። ከአለቃዬ ጋር በአንድ ግዥ መዘግየት ላይ ሳንግባባ ቀረን። ቅሬታዬን በግል ማቅረብ ሲገባኝ በሥራ ግሩፕ ላይ በቁጣ ጻፍኩ፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው። ቀኑን መቀየሬም ጥፋት ነው። ፎርሙን በትክክለኛው ቀን ሞልቼ ከተስተካከለ ሲቪ ጋር እልካለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እመልሳለሁ።"

ይኸው ነው። ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። አለቃሽ ፊርማውን ማዘግየቱን ሆን ብዬ አላስገባሁትም። እውነት መሆኑን አምንሻለሁ። ነገር ግን አንቺ ቀድመሽ ካነሳሽው ንግግርሽ ሁሉ ክስ ይመስላል። ከጠየቁሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሺ፦ "ሰነዱ በፊርማ ምክንያት ዘግይቶ ነበር፤ እኔም ቀደም ብዬ በጽሑፍ ማስታወስ ነበረብኝ።" በእርግጥ በጽሑፍ አስታውሰሽው ከነበረ ይህን ቀይሪው፤ ያልሆነውን ጥፋት በራስሽ ላይ እንድትጭኚ አልፈልግም።

ተናግረሽ ስትጨርሺ በዚያኛው ጫፍ ዝምታ ሊኖር ይችላል። ዝምታውን ለመሙላት ብለሽ አትቀጥዪ። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚያ ጋ ነው፤ ጥሩ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ በድንጋጤ ማብራራት ይጀምራል። ጠብቂ። "እሺ፣ እናየዋለን" ብትባዪ "አመሰግናለሁ" ብለሽ ዝጊ። እህትሽ መናገርሽን ስለምትደግፍ ነገ ማታ እሷ ፊት ድምፅሽን አውጥተሽ ደጋግመሽ ተለማመጂው። "ተሰናብቻለሁ" የሚለው ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ እስከማይሰበር ድረስ።

ከመደወልሽ በፊት የስንብት ደብዳቤውን አንብቢው። ብዙ ሰው ያን ደብዳቤ አንዴ ያየውና ዳግመኛ አይነካውም። እዚያ ላይ የተጻፈው ምክንያት ምንድን ነው? የሥነ ምግባር ጉድለት ይላል? የሙከራ ጊዜ ይላል? ወይስ ምክንያት አልተጻፈም? የምትናገሪው ከዚያ ጋር እንዳይጋጭ። ፎርሙ ላይ "የለቀቁበት ምክንያት" በሚለው ቦታ አጭር አድርጊው፦ "ተሰናብቻለሁ፤ ዝርዝሩን በቃል አስረድቻለሁ" ይበቃል።

የአለቃውን ስም በተመለከተ፣ ከጠየቁሽ ትክክለኛውን ስም ጻፊ። በጓደኛሽ ስም መተካት አዲስ ውሸት ነው። ግን እሱን ብቻ አትስጫቸው። በመጀመሪያው መሥሪያ ቤት አምስት ዓመት አብረውሽ የሠሩት አለቃ አሉ። ዛሬውኑ ደውዪላቸው፤ የሆነውን ንገሪያቸውና ስማቸውን ልስጥ ወይ ብለሽ ፈቃድ ጠይቂ። በዚያ በስምንት ወር ውስጥስ ሥራሽን በቅርብ ያየ ሰው የለም? ፋይናንስ ወይም ንብረት ክፍል ያለ፣ ሰነዶችሽ የተሟሉ እንደነበሩ የሚመሰክር? እሱንም ጨምሪ። ለቀድሞው ድርጅት ሰው ኃይልም ደውለሽ "ስለ እኔ ብትጠየቁ ምን ትላላችሁ?" ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። ብዙ ድርጅቶች የሥራ መደብና የአገልግሎት ጊዜ ከማረጋገጥ አልፈው አስተያየት አይሰጡም። ይህን ማወቅሽ ብቻውን ከፍርሃትሽ ግማሹን ሊያቀልልሽ ይችላል።

አሁን ወደ ጥቃቱ እንምጣ፤ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ በሁለት መስመር ብቻ ነው ያለፍሽው። ሰው ፊት "ሥራ አትችዪም" መባል ያማል። አምስት ዓመት ተመስግነሽ ስለመጣሽ ይበልጥ ያማል። አለቃሽ ያደረገው ልክ አልነበረም። አንቺም የጻፍሽው ልክ አልነበረም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ የለብሽም። ያጠፋሽው ዝም ባለማለትሽ አይደለም። ስለ ፊርማው መናገርሽ ተገቢ ነበር። ቦታው፣ ሰዓቱና ስለ ሰውየው ጠባይ የጨመርሽው ነው ያበላሸው። ይህን ለይተሽ ካወቅሽ "እኔ ክፉ ነኝ" ወይም "እኔ ምንም አላጠፋሁም" ከሚሉት ከሁለቱም ትወጫለሽ።

ከመሰናበትሽ በፊትስ ቃልሽን ጠየቁሽ? እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 ሠራተኛ በጠባዩ ወይም በሥራ አፈጻጸሙ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ለቀረበበት ክስ መልስ የመስጠት ዕድል ሊያገኝ እንደሚገባ ይገልጻል። ስምምነቱን ያላጸደቁ አገሮች አሉ፤ የሙከራ ጊዜ ሠራተኛን በተለየ መንገድ የሚያዩም አሉ። አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜም ብዙ ቦታ አጭር ነው፤ ያንቺ ምናልባት አልፎ ይሆናል። ቢሆንም ነገሩ ከውስጥሽ ካልወጣ ደብዳቤሽን ይዘሽ አንድ የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር አማክሪ። ለዚህ ሥራ ብለሽ አይደለም፤ መልሱን አውቀሽ ነገሩን እንድትዘጊው ነው።

ስለ ወላጆችሽ ልጨምር። ለእነሱ ማክሰኞ የሚባል ቀን የለም፤ ዝግጁ ስትሆኚ ትነግሪያቸዋለሽ። ግን አንድ ነገር ጠረጠርኩ። "በራሴ ለቀቅኩ" ማለት ከጀመርሽ ወዲህ ሰው መሸሽ አላበዛሽም? የድሮ ባልደረቦችን፣ አብረውሽ የተማሩትን፣ "አሁን የት ነሽ?" የሚል ማንንም? ከሆነ፣ ሥራ ፍለጋውን ያከበደብሽ አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ያንን ሰው ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ጠየቃቸው። ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ የሚያገኙት ነው ያሉት 17 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። 28 ከመቶ ገደማው በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነበር የሚያገኙት። የቀሩት መካከል ላይ ናቸው። የቅርብ ጓደኛሽ የምታውቀውን ክፍት ቦታ አንቺም ታውቂዋለሽና ነገሩ ይገባል። አዲስ ወሬ የሚመጣው ራቅ ካለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ 20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ያካተተ ጥናትም በጣም የቅርብም በጣም የሩቅም ያልሆኑ ትውውቆች ሥራ ለማግኘት የበለጠ እንደሚረዱ አሳይቷል።

ስለዚህ ይህ ድርጅት "ይቅርታ" ቢልሽ በመጀመሪያው ሳምንት ማመልከቻ ከመበተንሽ በፊት ከእነዚህ ከራቅሻቸው ሰዎች ለጥቂቶቹ ጻፊላቸው። "ሥራ ስጡኝ" አትበዪ። "በግዥ ሙያ አዲስ ቦታ እየፈለግኩ ነው፤ የሰማሽው ነገር ካለ ብትጠቁሚኝ" ማለት በቂ ነው። ለምን ለቀቅሽ ካሉሽ ያችው ለስልኩ የተለማመድሻት አጭር መልስ ታገለግልሻለች። ሲቪሽም በትክክለኛው ቀን ይሁን። ያ የስምንት ወር ሥራ እዚያው ይግባ፤ የሠራሽበት ነው፣ የተማርሽበትም ነው።

ቢቀጥሩሽ ደግሞ አንድ ቀን እዚያም የሚያስቆጣሽ ስብሰባ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ የምትዪውን ከአሁኑ አዘጋጂ። "ዝርዝሩን ይዤ ከስብሰባው በኋላ ባስረዳ ይሻለኛል" በቂ ነው። ማታ መጻፍ ካማረሽ ጻፊ፤ ግን ተቀባይ በሌለበት ቦታ፣ ደብተር ላይ። በማግስቱ አንብቢውና ስለ ሥራው የሚያወራውን ብቻ ለይተሽ ለአለቃሽ በግል ንገሪ። ከዚያ የተነጋገራችሁትን በአጭር ኢሜይል አስፍሪው። ፊርማ የሚጠብቅ ሰነድ ሲኖርም ቀኑን ጠቅሰሽ በጽሑፍ አስታውሺ። ይህ ልማድ ቢኖርሽ ያ ስብሰባ ላይ እጅሽ ባዶ አይሆንም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገቡ ደውዪ። የምትፈልጊው ሰው ከሌለ አንድ ቀን እንዲጨምሩልሽ ጠይቂ፤ ነገሩን ለሌላ ሰው አደራ አትበዪ። ካወራሽ በኋላ የተናገርሽውን በሦስት መስመር በኢሜይል ላኪ፤ የተስተካከለውን ሲቪም አያይዢ። ያነጋገረሽን ሰው ስምና ሰዓቱን ያዢ። የሞላሽውን ፎርም ኮፒም አስቀሪ፤ ወደፊት ስታመለክቺ ቀኖቹን ከዚያው ላይ ትገለብጫለሽ።